አጥንቷስ ደህና ነው

ሐሙስ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት
ከሆስፒታሉ ሁለተኛ ፎቅ፣ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር

ለፌንጣ እናት፤

ከሁሉ በፊት ልጃችን በሕይወት አለች። ዛሬ ጠዋት ዓይኗን ገልጣ ውሃ ጠየቀች፤ ውሃውን ሳቀርብላት ደግሞ ኩባያው መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል ብላ መለሰችልኝ። ሰላምታውን ላስቀድም አስቤ ነበር፤ ግን የእሷ ወሬ ላይ እስክትደርሺ ነፍስሽ ትወጣለች ብዬ ተውኩት። አሁን እንግዲህ እንደምን አለሽ? ወገብሽን ተሻለሽ ወይስ ፋብሪካው አሁንም ቀኑን ሙሉ መስፊያ መኪና ላይ ያስጎነብስሻል?

እኔን ብትጠይቂኝ ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽሽም። ቆሽቴ አርሯል። ከማክሰኞ ወዲህ ያልተጣላሁት ሰው የለም። ከትምህርት ቤቱ ጋር፣ ከሰፈሩ ጋር፣ ከወንድምሽ ጋር ተጣልቻለሁ። ጥበቃው እንኳ መታወቂያ ሲጠይቀኝ ሃያ ሁለት ዓመት በሠራሁበት ሆስፒታል በር ላይ ያዙኝ ልቀቁኝ ብያለሁ። ትናንት አንቺ ስትደውዪ ደግሞ ግማሹ በለቅሶ፣ ግማሹ በጩኸት አለቀ። ለእናትሽ «ከእንግዲህ እናት የለኝም» ብለሽ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ስትዘጊ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ በወረቀት ላስረዳሽ ተቀመጥኩ። ጎረቤታችን ሹፌሩ ነገ ጠዋት ወደ አንቺ በኩል ጭኖ ስለሚሄድ በእሱ እልክልሻለሁ።

ሰኞ ረፋዱ ላይ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ደወለችልኝ። ልጅሽ እንደ አመሏ ደረጃውን ሦስት ሦስቱን እየዘለለች ስትወርድ ተንሸራትታ፣ ከግራ ጆሮዋ በላይ ጭንቅላቷን የሲሚንቶው ጠርዝ መታት። ፌንጣ ያልናት ለዚሁ አይደል? የሥራ ልብሴን እንደለበስኩ ሮጬ ደረስኩ። አስተማሪዋ አቅፋት ተቀምጣለች፤ እሷ እሪ ትላለች። እውነቴን ነው፣ እሪታው ደስ አለኝ። ወዲያው ያለቀሰ ልጅ ራሱን አልሳተም ማለት ነው።

ተሸክሜ ወደ ሆስፒታላችን ድንገተኛ ክፍል ወሰድኳት። ዶክተሯ ዓይኗን በባትሪ አየች፣ ጆሮዋንና አፍንጫዋን አየች፣ ጭንቅላቷን በጣቷ ዳሰሰች፣ ወለሉ ላይ ባለው መስመር አስኬደቻት፣ ከሃያ ወደ ኋላ አስቆጠረቻት። ፌንጣ ቆጥራ ስትጨርስ «ማባዛትም እችላለሁ» አለቻት። ዶክተሯ ስቃ ወደ እኔ ዞረች።

«ራጅ ልዘዝላት?»

«መመሪያው ምን ይላል?» አልኳት።

«መመሪያውን የጻፍከው አንተ አይደለህ እንዴ?» አለችኝ።

ይህ መመሪያ አንቺ ከሄድሽ በኋላ የመጣ ስለሆነ ልንገርሽ። እኛ ዘንድ ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ሁሉ፣ በር የገጨውም ሆነ ከሞተር የወደቀው፣ መጀመሪያ የሚላከው ራጅ ሊነሳ ወደ እኔ ነበር። ሐኪሙ ፊልሙ እስኪመጣ በሽተኛውን በእጁ አይነካውም። ሰዉ ወረፋ ላይ ሁለት ሦስት ሰዓት ይቀመጣል፤ ከመሀል አንዱ ዓይኑ እየፈዘዘ እንደሆነ የሚያይለት የለም፤ ሁላችንም የምንጠብቀው ፊልም ነዋ። ፊልሙ ደግሞ የሚያሳየው አጥንት ነው። የቤቱ ግድግዳ አለመሰንጠቁን አይተሽ ውስጥ ያለው ሰው ደህና ነው ብለሽ መሄድ ማለት ነው። ስምንት ወር ሙሉ በየስብሰባው እየተነሳሁ ስጨቃጨቅ ከርሜ፣ በመጨረሻ ከዶክተሯ ጋር ሆነን አንድ ገጽ ወረቀት አጸደቅን። ራሱን ስቶ ነበር ወይ? አስመልሶታል ወይ? ከጆሮው ወይ ከአፍንጫው ደም ወይም ውሃ ይወርዳል? አጥንቱ ጎድጉዷል? እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል? ይህ ሁሉ ከሌለ ራጅ አያስፈልገውም፤ ይልቅ ሁለት ቀን ዓይኑን የሚጥልበት ሰው ይኑረው ይላል። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ግን ፊልም አይጠበቅም፤ ወዲያው ሐኪም ይየው፣ አንጎሉን ወደሚያሳየው ወደ ሲቲ ስካን ይሂድ። ወረቀቱን በሬ ላይ ብለጥፈው ሦስት ጊዜ ቀደዱብኝ። አራተኛውን መስታወት ውስጥ አድርጌ በሚስማር መታሁት።

ስለዚህ ፌንጣን ራጅ አላነሳኋትም። ይህን ስጽፍልሽ አንዳች ጸጸት የለብኝም፤ ዛሬም እንደዚያ ሆና ብትመጣ አላነሳትም።

ሰፈሩ ግን ጉድ አለ። ራጅ አንሺ ሆኖ የገዛ ልጁን ራጅ ነፈጋት ተባለ። ባለ ሱቋ እየሰማኋት «ለሰው ሲሆን ቀኑን ሙሉ ሲያነሳ ይውላል» አለች። ወንድምሽ ደግሞ ከሥራ ቦታው ደውሎ «ፊልም አልቆባችሁ ከሆነ እኛ እንገዛለን» አለኝ። ደሜ ፈላ። ፊልም መርፌ ነው? ወይስ ክኒን ነው? ራጅ ተነስቶ የዳነ ሰው አይቶ ያውቃል?

እናትሽ ከቤታቸው መጥተው በሬ ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«ፎቶውስ?» አሉ።

«አላስፈለጋትም፣ እማማ።»

«አላስፈለጋትም? የእኔን ጉልበት ሁለት ጊዜ አንስተህ የልጅህ ጭንቅላት አላስፈለገውም?»

ወረቀቱን አውጥቼ አንድ በአንድ አነበብኩላቸው። ስትተኛ በየሁለት ሰዓቱ ቀስቅሰው ስሟንና ስንተኛ ክፍል እንደሆነች ይጠይቋት፣ ካስመለሳት ወይ ራስ ምታቱ ከባሰባት ወይ አልነቃ ካለች ያኔውኑ ይዘዋት ወደ እኔ ይምጡ አልኳቸው። አንገታቸውን እየነቀነቁ አዳመጡኝ። እንደምታውቂያቸው አንዴ የተነገራቸውን አይረሱም። የሰኞን ሌሊት እኔው ራሴ ቀሰቀስኳት፤ በሦስተኛው ላይ «አባዬ፣ ስሜን ረሳኸው እንዴ?» ብላ ተቆጣችኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ቀን ፈቃድ ልጠይቅላት ትምህርት ቤት ሄድኩ። ርዕሰ መምህሩ «ስትመለስ ራጇን ይዛ ትምጣ፤ ካለበለዚያ ክፍል አትገባም» አሉኝ። ማን አያት፣ ምን አለ ብለው አልጠየቁም። የዶክተሯን ጽሑፍ ባሳያቸው «ይሄማ ወረቀት ነው፣ እኔ የምፈልገው ፊልም ነው» አሉ። እየተብከነከንኩ ቤት ገብቼ ለእናትሽ ነገርኳቸውና ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ባልነግራቸው ይሻል ነበር።

እኔ ሥራ እንደገባሁ እናትሽ ልጅቷን ይዘው ከታክሲ ተራው አጠገብ ወዳለው ክሊኒክ ሄዱ። ታውቂዋለሽ፣ በሩ ላይ በቀይ ቀለም «ራጅ ያለ ወረፋ» ብሎ የጻፈው ነው። እዚያ ማንም ምንም አልጠየቃትም። መቼ ወደቅሽ ያላት የለም፣ ያምምሻል ወይ ያላት የለም፣ ዓይኗን በባትሪ ያየ የለም። ከፊት አንድ፣ ከጎን አንድ አንስተው ቡናማ ፖስታ ውስጥ ከተቱና «ጤነኛ» የሚል ማኅተም መቱበት። አስቢው፣ ማኅተም አሠርተዋል። በቀን ስንቱን ጭንቅላት ጤነኛ ቢያደርጉ ነው በእጅ መጻፉ የታከታቸው?

ሲመለሱ ታክሲ ውስጥ አስመለሳት። ስምንት ሰዓት ላይ ቤት ገብታ ተኛች። ማንም አልቀሰቀሳትም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከሥራ ስገባ እንደተኛች ናት። ፖስታው ራስጌዋ ተቀምጧል። ትከሻዋን ነቀነቅኩ፣ ጠራኋት፤ እንደ ሰካራም ተንተባተበችና ፊቷን አዞረች። የዓይኗን ቆብ ገልጬ ሳይ የግራው ብሌን ከቀኙ ሰፍቷል። በቁሜ ሞትኩ። ያን ዓይን በሌላ ሰው ልጅ ላይ ስንቴ አይቼዋለሁ መሰለሽ። አንስቼ ሮጥኩ፤ ሹፌሩ ጎረቤታችን መኪናውን እያጠበ ነበር፣ ከነሳሙናው ይዞን ሄደ። ሲቲ ስካኑ ላይ ከአጥንቷ ሥር የተጠራቀመ ደም ታየ፤ አንጎሏን ተጭኖታል። አጥንቱ ሳይሰበር የደም ሥር ሊቀደድ ይችላል፣ በልጆች ላይ ይብሳል። ሁለት ሰዓት ከሩብ ቀዶ ሕክምና ክፍል ቆየች። እናትሽ በዚህ በተቀመጥኩበት ወንበር ላይ ሳይንቀሳቀሱ ተቀምጠው ነበር። እኔ ቆሜ ግድግዳው ላይ ያለውን የእጅ አስተጣጠብ መመሪያ መቶ ጊዜ ሳላነበው አልቀረሁም።

እንግዲህ አትናደድ በይኝ። ዛሬ ጠዋት ርዕሰ መምህሩ ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁን መጡ። ቁጭ አሉ፣ አዘኑ፣ ከንፈራቸውን መጠጡ፣ ሊሄዱ ሲሉ «ፊልሙን ለፋይላችን ብትሰጡን» አሉኝ። ከት ብዬ ነበር የምስቀው ልጄ ጭንቅላቷ በፋሻ ባይጠቀለል። ብርቱካኑን መልሼ አስታቀፍኳቸው። ነውር ነው፣ አውቃለሁ።

ትናንት ደግሞ አንቺ ስልኩን እንደዘጋሽ እግሬን አንስቼ ወደዚያ ክሊኒክ ሄድኩ። ራጅ አንሺው ብቻውን ምሳውን ይበላል። ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ አፌ ያመጣልኝን ሁሉ ተናገርኩት። ሳትጠይቅ ታነሳለህ፣ ሳታይ ማኅተም ትመታለህ፣ በአንተ ማኅተም ልጄ ልትሞት ነበር አልኩት። በዕድሜ እኩያዬ ነው። ማንኪያውን አስቀምጦ እስክጨርስ ጠበቀኝ፤ ከዚያ ፊልሙን አውጥቶ ማያው መብራት ላይ ሰቀለው።

«ስህተቱን አሳየኝ» አለኝ።

ፈለግኩ። ቀረብ ብዬ፣ ራቅ ብዬ፣ ሁለቱንም ፊልም እያቀያየርኩ ፈለግኩ። ስንጥቅ የለውም። አነሳሱም ቢሆን እኔ ከዚያ የተሻለ አላነሳም።

«አያቷ ለአባቷ ላሳየው ብለው ነው ይዘውት የወጡት» አለኝ። «የሆስፒታል ራጅ አንሺ ነው፣ ከአንተ ይበልጥ ያውቃል ብለውኛል። ስታየው ምን አልክ?»

ፊልሙን ከመብራቱ አውርጄ ወጣሁ።

እስካሁን የጻፍኩልሽን መልሼ አነበብኩት። ሁሉም እውነት ነው። ግን አንድ ነገር ዘልያለሁ፤ የዘለልኩትም ረስቼው አይደለም።

እናትሽ ከክሊኒኩ በቀጥታ ወደ ቤት አልሄዱም። ታክሲ ውስጥ ስላስመለሳት ደንግጠው፣ ካስመለሳት ያኔውኑ ወደ እኔ ይምጡ እንዳልኳቸው፣ ወደ እኔ ነው የመጡት። ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ በአንድ እጃቸው ፌንጣን፣ በሌላው ፖስታውን ይዘው የራጅ ክፍሉ በር ላይ ቆሙ። እኔ ፖስታውን ሳይ ነደደኝ። ከእኔ ተደብቀው መሄዳቸው፣ ያውም ወደዚያ ክሊኒክ። ሌላ ነገር አልታየኝም። ፊልሙን ከእጃቸው ነጥቄ መብራቱ ላይ ሰቀልኩት።

ንጹሕ ነበር። ስሚኝ እንግዲህ፤ ሳየው ልቤ እርፍ አለ። ከሰኞ ጀምሮ ለማንም ያልነገርኩት ፍርሃት ለቀቀኝ። በየስብሰባው ፊልም አንጎልን አያሳይም እያለ ሰው ያሰለቸው ሰውዬ የገዛ ልጁ ፊልም ፊት ሲቆም ከባለ ሱቋ በምንም አልተሻለም።

«አጥንቷስ ደህና ነው» አልኳቸው።

«መኪና ውስጥ አስመልሷታል» አሉ። «ራሴን ያመኛል ትላለች፤ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላታል። ስትተኛ እንዳልከኝ ልቀስቅሳት?»

ወረፋው እስከ ደረጃው ደርሷል። ፌንጣ አጠገቤ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ባትሪው ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር። ዓይኗን አላየሁም።

«ይተዉአት፣ ትተኛ» አልኩ። «ያስመለሳት የታክሲው ሽታ ነው። ፊልሙን አየሁት እኮ።»

ማንም አልቀሰቀሳትም ብዬሽ ነበር። እናትሽ ሊቀሰቅሷት ፈልገው የከለከልኳቸው እኔ ነኝ።

ይህን እሳቸው ለማንም አልተናገሩም። ለዶክተሯም፣ ለወንድምሽም፣ ለአንቺም። ትናንት «ልጄን ገደልሻት» ስትያቸው ዓይናቸውን አንዴ ወደ እኔ አነሱና መልሰው መሬት መሬቱን አዩ። «አዎ፣ የወሰድኳት እኔ ነኝ» ብቻ ነው ያሉሽ። እኔም ዝም ብዬ ቆምኩ። ከክሊኒኩ ስመለስ ለምን አልነገሯትም ብዬ ጠየቅኳቸው።

«እኔን ዛሬ ብትቆጣ ነገ ትታረቀኛለች፤ የወለድኳት ናት» አሉኝ። «አንተን ግን አንድ ጊዜ ትታህ ሄዳለች። ይህን ከሰማች በዚያው ትቀራለች። ልጅቷ ደግሞ ሁለታችሁንም ትፈልጋለች። ዝም በል።»

አንድ ቀን ዝም አልኩ። ልደብቅሽ አልችልም፣ ተመችቶኝ ነበር። ሰው ሁሉ እሳቸውን ሲወቅስ እኔ በክሊኒኩና በርዕሰ መምህሩ ላይ እየፎከርኩ ዋልኩ። ዛሬ ጠዋት ፌንጣ ስትነቃ እናትሽ ወደ ክፍሉ ሊገቡ ብለው በሩ ላይ ቆሙና «እኔን ስታይ ትደነግጥ ይሆን?» ብለው ጠየቁኝ። የሰባ ዓመት ሴት፣ ልጅቷን ከተወለደች ጀምሮ በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉ ሴት፣ ለመግባት የእኔን ፈቃድ ጠየቁኝ። ከዚያ በኋላ ወረቀት ፍለጋ ወደ ነርሶቹ ሄድኩ።

ስትሄጂ «አንተ ሁልጊዜ ትክክል ነህ፤ የመረረኝም እሱ ነው» ብለሽኝ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህ ቃልሽ ሲከነክነኝ ኖሯል፤ ትክክል መሆን ምን ጥፋት አለው እያልኩ። ይኸው ትክክል አልነበርኩም። መመሪያው ትክክል ነበር። አስመልሷታል የሚለውም፣ እንቅልፍ ይላታል የሚለውም በራሴ እጅ ተጽፎ በሬ ላይ ተሰቅሏል፤ እናትሽ ያን የነገሩኝ ከወረቀቱ ሥር ቆመው ነው።

የፌንጣን ነገር ሳልሸፍን ልንገርሽ። ቀኝ እጇ ደካማ ነው። ጣቴን አስጨብጬ ጠብቅ አድርጊው ስላት ፊቷ ይጨማደዳል፣ ጣቶቿ ግን እሺ አይሉም። ቀዶ ሕክምናውን ያደረገላት ሐኪም በልምምድ ይመለሳል ብሎ ያምናል፤ መቼ ይሆን ስለው ግን ትከሻውን ነቀነቀ። በግራ እጇ መሳል ጀምራለች፤ የሳለችውን ለዶክተሯ አሳይታ፣ ዶክተሯ ፈረስ ነው ስትላት እሷ ውሻ ነው ብላ ተጣልታታለች። አንቺን ሦስት ጊዜ ጠርታለች። እኔን አንዴም አልጠራችኝም፤ ፊቷ ስለተገተርኩ ይሆናል።

ሹፌሩ እሑድ ባዶውን ይመለሳል፤ ከጎኑ ያለውን ወንበር ለማንም እንዳይሰጥ ነግሬዋለሁ። ፋብሪካው ፈቃድ እምቢ ካለሽ ዶክተሯ የጻፈችውን ደብዳቤ ከዚሁ ጋር አያይዤዋለሁ፤ ማኅተም አለበትና ያምኑሽ ይሆናል። ስትመጪ እኔ ቤት ማረፍ ካልፈለግሽ ከእናትሽ ዘንድ እረፊ፤ አልከፋም ብዬ አልዋሽም፣ ግን አላስቸግርሽም።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ይህን ደብዳቤ አንብበሽ እንደጨረስሽ ወደ እኔ አትደውዪ። ለእናትሽ ደውዪ። እንደጻፍኩልሽ አያውቁም፤ ሲሰሙ ይቆጡኛል፣ ይቆጡኝ። ምን እንደምትያቸው አንቺ ታውቂያለሽ። ለእኔ ሌላ ቀን ትደውያለሽ፤ የፈለግሽውን ትያለሽ፣ እኔም አፌን ይዤ እሰማሻለሁ።

ፈጣሪ መንገድሽን የቀና ያድርግልሽ። ወገብሽን ያበርታልሽ፣ ልጃችንን ጨርሶ ይማርልን፣ እናትሽን ያቆይልሽ።

ባልሽ ብዬ ልፈርም ብዕሬን አንስቼ ነበር። እሱን አንቺ እስክትወስኚ ድረስ፣

ልጅሽን ትተኛ ብሎ የተዋት አባቷ